ስንት ሰው ብቻ ሳይሆን እነማን፦ የዲጂታል አገልግሎቶች የጭነት ሙከራ ከአንበሳሜ ተጠቃሚ አንጻር

ወቅታዊ ትንታኔ

የ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ውጤት በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ይፋ መደረጉ ይታወሳል። ፈተናውን ከወሰዱት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት 8.4 በመቶ መሆናቸውን ትምህርት ሚኒስቴር ገልጿል። የሕዝቡ ውይይትም በአመዛኙ ያተኮረው በዚሁ አኃዝ ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ከአኃዙ ጎን ለጎን እምብዛም ያልተነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በዚያ ዕለት ውጤቱ ወደ እያንዳንዱ ተማሪ እጅ የሚደርስበት የዲጂታል መንገድ ስንት ሰው፣ ደግሞም ምን ዓይነት ሰው መሸከም ይችላል የሚለው ነው።

የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ውጤት የሚያሳውቀው በድረ ገጹ፣ በ6284 አጭር የጽሑፍ መልዕክትና በቴሌግራም ቦት አማካይነት ነው። በደቡብ ጎንደር ዞን የደራ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአንበሳሜ የሚኖር ተማሪም፣ በአዲስ አበባ መሀል ከተማ የሚኖር ተማሪም ወደ እነዚሁ በሮች ይመጣል። በሮቹ አንድ ቢሆኑም አመጣጡ ግን አንድ አይደለም። አንዱ ፈጣን መስመር ባለው ቢሮ ተቀምጦ ገጹን ይከፍታል፤ ሌላው ምልክቱ ከፍ ዝቅ በሚል የሞባይል ኔትወርክ፣ ምናልባትም በተውሶ ስልክ ይሞክራል። የአሥራ ሁለት ዓመት ድካም የተቋጠረበትን ውጤት ለማወቅ ሁለቱም እኩል መብት አላቸው።

ሥርዓቱ ይህን እኩልነት በተግባር የሚያረጋግጥ መሆኑ ሊታወቅ የሚችለው አገልግሎቱ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ነው። ማረጋገጫውም በሶፍትዌር ሙያ የጭነት ሙከራ ተብሎ ይጠራል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጭብጥ የጭነት ሙከራ ጥራት የሚለካው በምናባዊ ተጠቃሚዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ተጠቃሚዎቹ በቡድን በተደራጁበት አኳኋን ጭምር መሆኑን ማሳየት ነው።

ጉዳዩ አሁን ለምን ይነሣል?

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በሀገራችን በወረቀትና በሰልፍ ይሰጡ የነበሩ በርካታ አገልግሎቶች ወደ ዲጂታል አሠራር ተሸጋግረዋል። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ጸድቋል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በሕግ ተደንግጎ ተግባራዊ በመሆን ላይ ይገኛል። የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም በ2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል።

በትምህርቱ ዘርፍ ደግሞ ሽግግሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። የከፍተኛ ትምህርት የመውጫ ፈተና በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሀገር አቀፍ ደረጃ በኮምፒውተር ሲሰጥ የተፈተኑት 150,184 ነበሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወረቀት ጎን ለጎን በበይነ መረብ መሰጠት ጀምሯል።

እነዚህን አገልግሎቶች የሚያመሳስላቸው አንድ ጠባይ አለ። ሁሉም የዘወትር አጠቃቀም ብቻ ሳይሆን የተወሰነ ቀንና ሰዓት ያለው ከፍተኛ ጫና ያስተናግዳሉ። የውጤት ቀን፣ የምዝገባ መዝጊያ ቀን፣ የግብር መክፈያ ጊዜ ማብቂያ፣ የበዓል ዋዜማ የገንዘብ ዝውውር ለዚህ ማሳያዎች ናቸው። በአዘቦት ቀን ያለ እንከን የሚሠራ ሥርዓት በእነዚህ ቀናት ሊዝል ይችላል። የሚዝለውም ሰው አብዝቶ በሚፈልገው ሰዓት ነው።

የጭነት ሙከራና ምናባዊ ተጠቃሚ

የጭነት ሙከራ ማለት አንድ ሥርዓት ከመከፈቱ በፊት፣ እውነተኛ ሰዎች የሚያደርጉትን ድርጊት የሚፈጽሙ ፕሮግራሞችን በብዛት በማሰማራት የሥርዓቱን አቅም መለካት ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድን ሰው ተክቶ ገጹን ይከፍታል፣ ቁጥር ያስገባል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ውጤቱን ይመዘግባል። ይህ ምናባዊ ተጠቃሚ ይባላል። ለሥራው የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ከቀደምቶቹ መካከል ሎድረነር፣ በነጻ ከሚገኙት ደግሞ አፓቼ ጄሜተርና ሎከስት ይጠቀሳሉ። ሁሉም በየራሳቸው ስያሜ ቢጠሩትም ምናባዊ ተጠቃሚዎችን በቡድን የማደራጀት ዘዴ አላቸው።

ቡድን ማለት አንድ ዓይነት ተግባር የሚፈጽሙ፣ አንድ ዓይነት መስመር የሚጠቀሙና ተመሳሳይ ፍጥነት ያላቸው ምናባዊ ተጠቃሚዎች ስብስብ ነው። አንድ ቡድን ሲዋቀር ቢያንስ አምስት ነገሮች ይወሰናሉ፦ የአባላቱ ብዛት፣ የሚፈጽሙት የድርጊት ቅደም ተከተል፣ በድርጊቶች መካከል የሚወስዱት የማሰቢያ ጊዜ፣ የሚገቡበት ፍጥነት፣ እንዲሁም የሚያስገቡት መረጃ።

ነገሩን በቤታችን ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ድግስ የሚደግስ ሰው ሦስት መቶ እንግዳ እንደሚመጣ ማወቁ ብቻ አይበቃውም። ጾመኛው ስንት ነው? ከሩቅ ተጉዞ ደክሞ የሚደርሰው ማን ነው? በአንድ ጊዜ የሚገባው የሙሽራው አጃቢ ምን ያህል ነው? ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ዓይነቱ ከተሳተ ወጡ ተርፎ ሽሮው ሊያልቅ ይችላል። በጭነት ሙከራም የሚደርሰው ይኸው ነው።

ያው ብዛት፣ ሌላ ጭነት

የቡድን አደረጃጀት በሙከራ ውጤት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለማስረጃ የተወሰዱ ግምቶች እንጂ የየትኛውም ተቋም አኃዝ አይደሉም።

በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች 250,000 ሰዎች ውጤት ለማየት ይመጣሉ እንበል። ይህ በሰከንድ ወደ 417 የሚጠጋ አዲስ ጎብኚ ማለት ነው። አንድ ጎብኚ ገጹን ከፍቶ፣ ቁጥሩን አስገብቶ፣ ውጤቱን አይቶ እስኪወጣ 60 ሰከንድ ይፈጅበታል ብንል፣ በማንኛውም ቅጽበት በሥርዓቱ ውስጥ የሚገኙት ሰዎች ብዛት 417 ሲባዛ በ60፣ ማለትም ወደ 25,000 ይሆናል። በመሆኑም መርማሪው 25,000 ምናባዊ ተጠቃሚዎችን አዘጋጅቶ ሥርዓቱ ከቻላቸው «አልፏል» ብሎ ይፈርማል።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ከጎብኚዎቹ 40 በመቶ የሚሆኑት ደካማ የሞባይል መስመር ስላላቸው፣ ያንኑ ተግባር ለመፈጸም 60 ሳይሆን 180 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል እንበል። ፈጣኖቹ ወደ 15,000፣ ዝግተኞቹ ደግሞ ወደ 30,000 ይሆናሉ፤ በድምሩ 45,000። አንድም ሰው ሳይጨመር በአንድ ጊዜ በሥርዓቱ ውስጥ የሚገኘው ሰው በ80 በመቶ አድጓል። ዝግተኛው ተጠቃሚ የሰርቨሩን መስመር ለረጅም ጊዜ ይዞ ስለሚቆይ፣ ሰርቨሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ግንኙነት ጣሪያ ላይ ይደርሳል። ጣሪያው ሲሞላ ፈጣኑም ዝግተኛውም በር ላይ ይቆማሉ።

ከዚህ የምንረዳው የአንበሳሜ ተጠቃሚ በሙከራው ውስጥ አለመካተቱ የሚጎዳው የአንበሳሜን ተጠቃሚ ብቻ አለመሆኑን ነው። በስሌቱ ውስጥ ያልገባው ሰው በዕለቱ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣም ሥርዓቱ ያልተዘጋጀበት ጭነት ሆኖ ይመጣል።

በዚህ ላይ የሰው ጠባይ ይታከላል። ገጹ የዘገየበት ሰው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ደግሞ ይጫናል፣ በሁለተኛ ስልክ ይሞክራል፣ ለዘመድ ቁጥሩን ልኮ «እስኪ አንተ ሞክርልኝ» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ በሰርቨሩ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይደረባሉ። መዘግየት ጭነት ይወልዳል፤ ጭነቱ መልሶ መዘግየትን ያባብሳል። እያንዳንዱ ምናባዊ ተጠቃሚ መልስ እስኪያገኝ በትዕግሥት የሚጠብቅበት ሙከራ ይህን ዑደት ሊያሳይ አይችልም። እንዲያውም ሥርዓቱ ሲዘገይ በሰከንድ የሚላከው ጥያቄ ስለሚቀንስ፣ ሙከራው ራሱ ለሥርዓቱ ይራራለታል። በመሆኑም አዲስ ጎብኚዎች የቀደሙት ይጨርሱ አይጨርሱ ሳይባል በተወሰነላቸው ፍጥነት የሚገቡበት አደረጃጀት ለውጤት ቀን ይበልጥ ተስማሚ ነው።

የውጤት ቀን ቡድኖች

የውጤት ማሳወቂያ ሥርዓትን ለመፈተሽ የሚዋቀሩ ቡድኖች ከሀገራችን ነባራዊ ሁኔታ መነሣት ይኖርባቸዋል። ከዚህ አንጻር ቢያንስ አምስት ቡድኖች ሊለዩ ይችላሉ።

የመጀመሪያው በጥሩ መስመር ላይ ያለው ተማሪ ነው። አንድ ጊዜ ይገባል፣ ቁጥሩን ያስገባል፣ ያያል፣ ምስሉን ቀድቶ ይወጣል።

ሁለተኛው በደካማ መስመር ላይ ያለው ተማሪ ነው። ገጹ ግማሽ ድረስ ተጭኖ ይቋረጥበታል፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ለዚህ ቡድን በሙከራ መሣሪያው አማካይነት የመስመሩ ስፋት ይጠባል፣ የመልስ መዘግየት ይጨመራል፣ ከመቶ ጥያቄዎች የተወሰኑት ሆን ተብለው እንዲቋረጡ ይደረጋል።

ሦስተኛው በአንድ ቦታ ሆኖ ለብዙ ሰው የሚያይ ነው። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የተማሪዎቹን ዝርዝር ይዞ አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ የኢንተርኔት ቤት ባለቤት ደጃፉ ላይ ለተሰለፉት ሁሉ ተራ በተራ ያያል። የማሰቢያ ጊዜው አጭር፣ የጥያቄው ብዛት ከፍተኛ ነው።

አራተኛው በአጭር የጽሑፍ መልዕክት የሚጠይቀው ነው። ይህ ቡድን ድረ ገጹን ባይነካም መረጃው የሚወጣው ከዚያው የመረጃ ቋት ከሆነ ጭነቱ አንድ ላይ ይገናኛል። እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ እውነታ መታወስ ይኖርበታል። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር መልዕክት 160 ሆሄያት ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በአማርኛ የሚላክ መልስ በቀላሉ ለሁለትና ለሦስት ሊከፈል ስለሚችል፣ በእንግሊዝኛ ናሙና የተደረገ ሙከራ የመልዕክት መስመሩን ጭነት አሳንሶ ያሳያል።

አምስተኛው በውጭ ሀገር የሚኖረው ዘመድ ነው። ቁጥሩ ከሌሎቹ ቢያንስም ከሩቅ የሚመጣ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ምልልስ ተጨማሪ ጊዜ ይፈጅበታል። የሥርዓቱ የደኅንነት ጥበቃ ከውጭ የሚመጣን ጥያቄ የሚገድብ ከሆነም ችግሩ ቀድሞ የሚታየው በዚህ ቡድን ላይ ነው።

የእያንዳንዱን ቡድን ድርሻ ለመወሰን ከሁሉ የተሻለው ምንጭ ካለፉት ዓመታት የውጤት ቀናት የተጠራቀመው የሰርቨር መዝገብ ነው። በየደቂቃው ስንት ጥያቄ እንደመጣ፣ በምን ዓይነት ስልክ እንደሆነና ስንቱ ሳይጠናቀቅ እንደተቋረጠ በመዝገቡ ውስጥ ይገኛል። መዝገቡ ከውጤት ቀን በኋላ ሳይሰረዝ ተጠብቆ መተንተኑ ለቀጣዩ ዓመት ሙከራ መሠረት ይሆናል።

አንድ አድራሻ፣ ብዙ ሰው

ከቡድኖቹ መካከል ሦስተኛው የተለየ ትኩረት የሚሻ ነው። ብዙ ሥርዓቶች ራሳቸውን ከጥቃት ለመከላከል ከአንድ የበይነ መረብ አድራሻ በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ጥያቄ ሲመጣ አድራሻውን ለጊዜው ያግዳሉ። አሠራሩ ተገቢና የተለመደ ነው። ነገር ግን በአንድ ኢንተርኔት ቤት ወይም በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደ ውጭ የሚታዩት በአንድ አድራሻ ነው። በሞባይል ኔትወርክም ቢሆን በርካታ ደንበኞች አንድን የውጭ አድራሻ መጋራታቸው በዓለም ዙሪያ የተለመደ ነው። በዚህ ምክንያት ሥርዓቱ «አጥቂ» ብሎ የሚያግደው፣ ሠላሳ ተማሪ የተሰለፈበትን የአንዲት አነስተኛ ከተማ ብቸኛ ኢንተርኔት ቤት ሊሆን ይችላል።

በግሉ ስልክና በግሉ መስመር የሚጠቀመው ተማሪ ይህ ችግር አይደርስበትም። ችግሩ የሚከማቸው አቅሙ ውስን በሆነውና መሣሪያ በጋራ በሚጠቀመው ዜጋ ላይ ነው። በሙከራ ወቅት ይህን ለማወቅ የሚቻለው አንዱ ቡድን ከጥቂት አድራሻዎች ብዙ ጥያቄ እንዲልክ፣ ሌላው ደግሞ ከብዙ አድራሻዎች ጥቂት ጥያቄ እንዲልክ ተደርጎ ሲዋቀር ነው። ሁሉም ምናባዊ ተጠቃሚዎች ከአንድ የሙከራ ኮምፒውተር ሲነሡ መርማሪዎች ብዙ ጊዜ የአድራሻ ገደቡን ለሙከራው ሲሉ ያጠፉታል። በአገልግሎቱ ቀን ግን ገደቡ ተመልሶ ይበራል። በዚህም ሳቢያ የተሞከረው ሥርዓትና ሕዝቡ የሚገጥመው ሥርዓት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆናሉ።

የሙከራ መረጃውና ሕጉ

ምናባዊ ተጠቃሚዎች የሚያስገቡት መረጃም ከቡድን አደረጃጀቱ የማይነጠል ነው። አሥር ሺህ ምናባዊ ተጠቃሚዎች አንድን የምዝገባ ቁጥር ቢደጋግሙ፣ ሥርዓቱ የመጀመሪያውን መልስ በቅርብ ማኅደረ ትውስታ ይዞ ለሁሉም ያንኑ ያድላል። የመረጃ ቋቱ ሥራ ሳይሠራ ሙከራው በድንቅ ፍጥነት ይጠናቀቃል፤ የተለካው ነገር ግን ከእውነታው የራቀ ነው። ስለሆነም ለእያንዳንዱ ምናባዊ ተጠቃሚ የተለየ ቁጥርና የተለየ ስም ሊዘጋጅለት ይገባል።

ስሞቹም የኢትዮጵያውያንን ስም ጠባይ መያዝ አለባቸው። ስማችን ከአባትና ከአያት ስም ጋር የሚጻፍ ነው። አንዱ «ኃይሉ» ብሎ ያስመዘገበውን ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ይፈልገዋል፤ «ዓለሙ» እና «አለሙ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በአንደበት አንድ ሆነው በኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። ፍለጋው ባልተሳካ ቁጥር ተጠቃሚው ደጋግሞ ይሞክራል፤ ይህም ራሱን የቻለ ጭነት ነው። በተጨማሪም በስፋት በሚሠራበት የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የላቲን ሆሄ አንድ ባይት ሲወስድ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። በውጭ ናሙና ስሞች የተሞላ ሙከራ እነዚህን ልዩነቶች አያሳይም።

ይሁንና እውነተኛ ጠባይ ያለው መረጃ ያስፈልጋል ሲባል የእውነተኛ ተማሪዎች ስምና ውጤት ይወሰድ ማለት አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎች የግል መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ እንዳይውል ጥበቃ ያደርጋል። ትክክለኛው መንገድ የስሞችን ስርጭትና የፊደላትን አጠቃቀም ተከትሎ ሰው ሠራሽ መረጃ ማዘጋጀት ነው።

ሌላው ሕጋዊ ጉዳይ የፈቃድ ነገር ነው። የጭነት ሙከራ በአሠራሩ አገልግሎት ከሚያስተጓጉል ጥቃት ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የሥርዓቱ ባለቤት ፈቅዶና ተዘጋጅቶ የሚደረግ መሆኑ ነው። ያለ ፈቃድ በሌላ ተቋም ሥርዓት ላይ የሚደረግ «ሙከራ» በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሊያስጠይቅ ይችላል። በመሆኑም ሙከራው ሰዓቱ አስቀድሞ ተወስኖ፣ የሥርዓቱ ባለቤት፣ የመስመር አቅራቢውና የሳይበር ደኅንነት ኃላፊነት ያለበት አካል አውቀውት መከናወን ይኖርበታል።

የፈተና ቀን ከውጤት ቀን ይለያል

በበይነ መረብ የሚሰጥ ፈተና የራሱ የሆነ የጭነት ጠባይ አለው። በውጤት ቀን ሰው በፈለገው ሰዓት ይመጣል፤ በፈተና ቀን ግን ተፈታኞች በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ላይ ይገባሉ። ስለዚህ ምናባዊ ተጠቃሚዎቹ እየተንጠባጠቡ ሳይሆን በአንድ የመነሻ ነጥብ ተሰብስበው በአንድ ጊዜ እንዲለቀቁ ይደረጋል። ከዚያም ለሰዓታት በትንሽ በትንሹ መልስ ያስቀምጣሉ፤ ማብቂያው ላይ ደግሞ በአንድነት ያስረክባሉ። ጭነቱ ሁለት ጫፍ አለው ማለት ነው።

እዚህ ላይ መዋቀር የሚገባው ወሳኝ ቡድን መብራት የጠፋበት የፈተና ክፍል ነው። በአንድ የፈተና ክፍል ያሉ ኮምፒውተሮች በሙሉ በአንድ ጊዜ ጠፍተው፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በአንድ ጊዜ ተመልሰው ሲገቡ ምን ይሆናል? ተፈታኙ የሠራቸው ጥያቄዎች ተቀምጠው ያገኛቸዋል? የባከነው ሰዓት ይካካስለታል? ይህን የሚመልሰው መቋረጥንና መመለስን ሆን ብሎ የሚፈጽም ምናባዊ ቡድን ነው። ውጤት ዘግይቶ ማየት ያስጨንቃል፤ በፈተና መካከል የተሠራ መልስ መጥፋቱ ግን የተማሪውን ዕጣ ይለውጣል። በዚህ ምክንያት ለፈተና ሥርዓት ተቀባይነት ያለው የስሕተት መጠን ከውጤት ማሳወቂያው እጅግ ያነሰ መሆን ይኖርበታል።

ከሌሎች ሀገራት የሚወሰድ ትምህርት

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሲከፈት፣ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን ማጠናቀቅ የቻሉት ስድስት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ በኋላ ይፋ በሆኑ ሰነዶች ተረጋግጧል። የታሰበው በአንድ ጊዜ ከ50,000 እስከ 60,000 ተጠቃሚ ሲሆን የመጣው ግን ወደ 250,000 ነበር። ይሁን እንጂ የቁጥሩ መሳት ብቻውን ችግሩን አይገልጸውም። ከጎብኚዎቹ ብዙዎቹ የፈለጉት ዋጋ አይቶ ማነጻጸር ነበር፤ ሥርዓቱ ግን ማንም ሰው ዋጋ ከማየቱ በፊት መለያ እንዲያወጣ ያስገድድ ስለነበር ሁሉም ወደ አንድ ጠባብ በር ተገፉ። «አይቶ የሚሄድ» እና «የሚመዘገብ» ተብለው ሁለት ቡድኖች ቀድመው ተለይተው ቢሞከሩ ኖሮ ጠባቡ በር ሳይከፈት ይታወቅ ነበር።

በአውስትራሊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2016 ምሽት በበይነ መረብ ይካሄድ የነበረው የሕዝብ ቆጠራ ለ40 ሰዓታት ያህል ተቋርጧል። ሥርዓቱ በሰዓት አንድ ሚሊዮን ቅጽ የመቀበል አቅም እንዳለው ተሞክሮ ነበር። ያስተጓጎለው የተራ ተጠቃሚ ብዛት ሳይሆን፣ አገልግሎት ለማስተጓጎል የተሰነዘሩ ጥቃቶችና በዚያው ሰዓት የተከሰተ የኔትወርክ መሣሪያ ብልሽት ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የጭነት ሙከራ ሁሉን የሚፈታ መድኃኒት አለመሆኑ ነው። ብዙ ሰው መሸከም አንድ ጉዳይ ነው፤ አንድ አካል ሲወድቅ በሌላው መቀጠል ሌላ ጉዳይ ነው።

ውጤቱ እንዴት ይነበባል?

ቡድኖቹ በትክክል ቢዋቀሩም ውጤታቸው ተደባልቆ ከተነበበ ጥቅሙ ይባክናል። ከ100 ምናባዊ ተጠቃሚዎች መካከል 90ው በ2 ሰከንድ፣ 10ሩ ደግሞ በ40 ሰከንድ መልስ አገኙ እንበል። አማካዩ 5.8 ሰከንድ ነው። በሪፖርት ላይ «አማካይ የመልስ ጊዜ ከ6 ሰከንድ በታች» ተብሎ ሲጻፍ መልካም ይመስላል። በእውነታው ግን 5.8 ሰከንድ የጠበቀ አንድም ሰው የለም፤ አብዛኛው ወዲያው አግኝቷል፣ አሥሩ ደግሞ ተስፋ እስኪቆርጡ ጠብቀዋል። አሥሩ ሁሉም ከአንድ ቡድን፣ ለምሳሌ ከደካማ መስመር ተጠቃሚዎች ቢሆኑ፣ አማካዩ የሚሸፍነው የአንድን አካባቢ ሕዝብ ችግር ነው።

ስለዚህ ሪፖርቱ በየቡድኑ ተለይቶ መቅረብ ይኖርበታል። ለእያንዳንዱ ቡድን ከመቶ ዘጠና አምስቱ በስንት ሰከንድ ውስጥ መልስ እንዳገኙና ስንቱ ጨርሶ ሳያገኙ እንደቀሩ መገለጽ አለበት። ሥርዓቱ «አልፏል» የሚባለውም በአማካይ ሳይሆን ከሁሉ ዝግ ያለው ቡድን የተቀመጠለትን መስፈርት ሲያሟላ ሊሆን ይገባል።

በቡድን መለየቱ የመፍትሔ አማራጮችንም ያሳያል። ለደካማ መስመር ተጠቃሚ ምስልና ጌጥ የሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ የያዘ ቀላል ገጽ ማዘጋጀት ሰርቨር ከመጨመር ባነሰ ወጪ ብዙ ጭነት ያቃልላል። ለትምህርት ቤቶች የተማሪዎቻቸውን ውጤት በአንድ ጊዜ የሚያወርዱበት የተለየ በር መክፈት አንድ በአንድ የሚደረገውን ፍለጋ ይቀንሳል። ውጤትን በምዝገባ ቁጥር ከፋፍሎ በተለያየ ሰዓት መልቀቅም ጭነቱን ያሰራጫል፤ ነገር ግን አንዱ ከሌላው ቀድሞ እንዲያውቅ ስለሚያደርግ የፍትሐዊነት ጥያቄ ያስነሣል፤ ውሳኔው ከቴክኒክ ባለሙያው ይልቅ የአስተዳደሩ ነው።

ሙከራው ወደ ተጠቃሚው ይቅረብ

ደካማውን መስመር በቤተ ሙከራ ማስመሰል ጠቃሚ ቢሆንም በቦታው ተገኝቶ ከመለካት አይተካም። በዚህ ረገድ በየክልሉ የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ጥሩ አጋጣሚ ይፈጥራሉ። ለምሳሌ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በዞኑ መቀመጫ የሚገኝ በመሆኑ፣ የምናባዊ ተጠቃሚዎቹ የተወሰነ ክፍል ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከዚያ እንዲነሣ ማድረግ ይቻላል። የዩኒቨርሲቲ መስመር ከአነስተኛ ከተሞች የሞባይል መስመር የተሻለ ሊሆን ስለሚችል ግን፣ ከአንበሳሜና ከመሰል ከተሞች በተራ ስልክ የሚደረግ አነስተኛ ልኬት ሊታከልበት ይገባል። ጥቂት ስልኮች በአንድ የገበያ ቀን የሚሰበስቡት የፍጥነት መረጃ፣ በማዕከል ለሚዋቀረው የሺህዎች ቡድን ትክክለኛ መነሻ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ጉዳዩ ከግዥ ሂደት ሊጀምር ይገባል። አንድ ተቋም የዲጂታል ሥርዓት ሲያሠራ በውሉ ላይ «ሥርዓቱ ይህን ያህል ተጠቃሚ ማስተናገድ አለበት» ብሎ መጻፉ ብቻ በቂ አለመሆኑን ከላይ የቀረበው ስሌት ያሳያል። የትኞቹ ቡድኖች፣ በምን ድርሻ፣ በምን ዓይነት መስመር፣ በስንት ሰከንድ ውስጥ የሚለው ተዘርዝሮ የርክክብ መስፈርት መሆን አለበት። ሙከራውም ሥርዓቱ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ሳይሆን፣ የተገኘውን ጉድለት ለማረም ጊዜ በሚኖርበት ወቅት መከናወን ይኖርበታል። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚሉት ለዚህ ነው።

በአጠቃላይ ምናባዊ ተጠቃሚ የሚባለው ነገር ስሙ ምናባዊ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የሚወክለው እውነተኛ ዜጋን ነው። በሙከራው ዝርዝር ውስጥ አንድ ቡድን አልተካተተም ማለት፣ ያ ቡድን የሚወክላቸው ሰዎች አገልግሎቱ ሲነደፍ አልታሰቡም ማለት ነው። በሚቀጥለው የውጤት ቀን በአንበሳሜ ስልኩን ይዞ የሚጠብቀው ተማሪ መልሱን በወቅቱ ማግኘቱ የሚወሰነው በዕለቱ በሚደረግ ርብርብ ሳይሆን፣ ከወራት በፊት በሙከራው ዝርዝር ውስጥ ቦታ ተሰጥቶት እንደሆነና እንዳልሆነ ነው።